መንታ አርግዞ ውሃ እንኳ አልቀመጥ ሲል፦ ከቡና ሲኒ የሚጀምር መመሪያ

በሰባተኛው ሳምንቴ አልትራሳውንድ ስታይ ባለሙያዋ ስክሪኑን ወደ እኔ አዙራ "ሁለት ናቸው" አለችኝ። እኔ በዚያች ደቂቃ የማስበው ስለ ፌስታል ነበር። በእጄ የያዝኩት ጥቁር ፌስታል ግማሽ ደርሶ ነበር። ቦርሳዬ ውስጥ ሌላ አልነበረም። ባለቤቴ በደስታ የሚይዘው የሚጨብጠው ሲጠፋው እኔ አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ ብዬ አስመለስኩ።

መንታዎቹ አሁን አራት ዓመት ሞልቷቸዋል። ከዘመድም ከጎረቤትም "እከሊት መንታ አርግዛ ምንም አልቀመጥ አላት" ሲባል የሚደወለው ለእኔ ነው። በስልክ የምደጋግመውን እነሆ በጽሑፍ። ሐኪም አይደለሁም። መድኃኒት የሚያዝልሽ ሐኪምሽ ነው። እኔ የምነግርሽ በሁለት ቀጠሮ መካከል ያሉትን ቀናት እንዴት እንደምታልፊ ነው።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ያዢልኝ። በእነዚህ ሳምንታት ሥራሽ መብላት አይደለም። ሥራሽ አለመድረቅ ነው። ምግቡ ይደርሳል።

1. የቱ ጋ እንዳለሽ እወቂ

ካረገዙ አሥር ሴቶች ሰባት ስምንቱን ያቅለሸልሻቸዋል። አብዛኛውን ጊዜ ከ4ኛው እስከ 7ኛው ሳምንት ይጀምራል። 9ኛው ሳምንት አካባቢ ይብሳል። ከ16 እስከ 20 ባለው ለብዙዎች ይለቃል። "የጠዋት ሕመም" የሚለው ስም ግን ያሳስታል። እኔን ጠዋትም ማታም፣ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓትም ያስመልሰኝ ነበር።

ከዚህ የከበደው፣ ሐኪሞች ሃይፐርኤሜሲስ የሚሉት፣ ከመቶ እርጉዞች ቢበዛ ሦስቱን ያህል የሚይዝ ነው። መንታ ሲሆን ዕድሉ ከፍ ይላል። ምክንያቱ ሆርሞን ነው። እንግዴ ልጁ የሚያመነጨው ጂዲኤፍ15 የሚባል ሆርሞን አንጎል ውስጥ የማስመለስን ቁልፍ እንደሚነካ በ2023 እ.ኤ.አ. የታተመ ትልቅ ጥናት አሳይቷል። ከእርግዝና በፊት ይህ ሆርሞን በደማቸው ትንሽ የነበረ ሴቶች ድንገት ሲጥለቀለቁ ይብስባቸዋል። ይህን የምጽፈው ሳይንስ ለማሳየት አይደለም። አንዲት አክስቴ "ልብሽ ስላልተቀበላቸው ነው" ብላኛለች። ልቤ ተቀብሏል፤ ያልተቀበለው ጨጓራዬ ነው።

አሁን ሦስት ነገር ለኪ።

ሚዛን። በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ ጠዋት፣ ሽንት ቤት ደርሰሽ ስትመለሺ ተመዘኚ። ከእርግዝና በፊት ከነበረሽ ክብደት 5 በመቶ ከቀነስሽ ነገሩ ተራ ማቅለሽለሽ አይደለም። 60 ኪሎ ለነበረች ሴት ይህ 3 ኪሎ ማለት ነው። ቤት ሚዛን ከሌለ ፋርማሲ በር ላይ ያለውም ይበቃል፣ ግን ሁልጊዜ በዚያው ሚዛን ይሁን።

ሽንት። ቀለሙ ፈዘዝ ያለ ቢጫ ከሆነ ደህና ነሽ። እንደ ሻይ ከጠቆረና ከቀነሰ እየደረቅሽ ነው።

ደብተር። አንድ የተማሪ ደብተር ገዝተሽ ገጹን በሦስት ክፈይው፦ የገባ፣ የወጣ፣ ሽንት። "ብዙ ያስመልሰኛል" ብትይ ሐኪሙ "እርግዝና ነው፣ ይለቅሻል" ብሎ ሊሸኝሽ ይችላል። "ትናንት 11 ጊዜ አስመልሼ ሁለት ጊዜ ብቻ ሸናሁ" ስትይ ግን ቀና ብሎ ያይሻል። በእኔ የሆነው ልክ እንደዚህ ነው። የመጀመሪያው ቀን ያለ ደብተር ሄጄ ግሉኮስ ብቻ ተሰቅሎልኝ ተመለስኩ። በሦስተኛው ቀን ደብተሩን ሌላ ቦታ ይዤ ሄድኩ፣ ያኔውኑ አልጋ ያዝኩ።

2. ሽታውን ከቤት አስወጪ

የኛ ቤት ለሚያቅለሸልሻት ሴት ፈተና ነው። የሚቁላላ ሽንኩርት፣ የሚነጠር ቅቤ፣ የሚቆላ ቡና፣ እጣን፣ ከሰል። እኔ የምኖረው ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ከታች ያለችው ጎረቤቴ በየቀኑ ከጠዋቱ አምስት ሰዓት ላይ ቁሌት ትጥላለች። ሽታው በመስኮት ሲገባ ሰዓት ማየት አያስፈልገኝም ነበር። እናቴ መጨረሻ ላይ ወርዳ ነገረቻት። ሴትዮዋ ተናዳ ይሆናል ብዬ ስፈራ፣ "ምነው እስካሁን ዝም አልሽ፣ እኔም እኮ በሁለተኛው ልጄ እንዲሁ ነበርኩ" ብላ ማብሰያ ሰዓቷን ወደ ማታ ቀየረች። ሰው ካልነገሩት አያውቅም።

ስለዚህ፦ የሚበስል ነገር ካለ አንቺ ከቤት ውጪ ወይም በሩ በተዘጋ ክፍል ስትሆኚ ይብሰል። ቡና ለጥቂት ሳምንት ደጅ ይቆላ። የባልሽ ሽቶና ዲዮድራንት ይቅር። "ባሏን ጠላች" የሚባለው ግማሹ ሽታ ነው፤ እሱም እንዳይቀየም ይህን አንብቢለት። ትራስሽ አጠገብ የተሰነጠቀ ሎሚ አስቀምጪ፣ ሽታ ሲመጣብሽ አሽትቺው። ለሁሉም አይሠራም። ለእኔ ታክሲ ውስጥ አዳነኝ።

3. በሲኒ ጠጪ

ዋናው ይህ ነው። እዚህ ላይ ጊዜ ስጪው።

አንድ ብርጭቆ ውሃ በአንድ ትንፋሽ ብትጠጪ ሁለት ብርጭቆ ታስመልሻለሽ። ጨጓራሽ ብዛት አይወድም። ባለቤቴ አንድ ቀን የመድኃኒት መለኪያ ወስዶ የቡና ሲኒያችንን ለካው፤ 70 ሚሊ ሊትር ያዘ። ከዚያ ስልኩን በየግማሽ ሰዓቱ እንዲጮህ ሞላው። በጮኸ ቁጥር አንድ ሲኒ፣ በጉንጭ በጉንጭ፣ በአሥር ደቂቃ ውስጥ። ነቅተሽ በምትቆዪበት 14 ሰዓት 28 ሲኒ ይሆናል። ሁለት ሊትር ገደማ ማለት ነው! ሁሉም ባይቀመጥ እንኳ ግማሹ ይቀመጣል።

ሲኒውም ካልተቀመጠ ወደ ሻይ ማንኪያ ውረጂ። አስመልሰሽ ከጨረስሽ በኋላ አሥር አሥራ አምስት ደቂቃ ምንም አትቅመሺ። ከዚያ በየአምስት ደቂቃው ሁለት ማንኪያ። ሁለት ማንኪያ 10 ሚሊ ነው፣ በሰዓት 120 ሚሊ። ትንሽ ይመስላል፣ ግን በአሥር ሰዓት ከአንድ ሊትር ያልፋል። ማንኪያውን ሌላ ሰው ይያዘው። ራስሽ ስትይዢው ሦስተኛው ላይ ትሰለቻለሽ።

ሲኒው ውስጥ ምን ይግባ? የሚከተሉትን አፈራርቂ፦

ኦአርኤስ። ከፋርማሲም ከጤና ጣቢያም የሚገኘው፣ ልጅ ሲያስቀምጠው የምንሰጠው ዱቄት። በማሸጊያው ላይ በተጻፈው ልክ፣ አብዛኛውን ጊዜ አንዱን ከረጢት በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ በጥብጪ። ስኳር አትጨምሪ። በ24 ሰዓት ውስጥ ያላለቀውን ድፊው። ሲሞቅ ጣዕሙ ያስጠላል፤ ቀዝቅዞ ወይም በረዶ ሆኖ ሲመጠጥ ይወርዳል።

አምቦ ውሃ። ጋዙ ለአንዳንዷ ያስገሳትና ይቀልላታል፣ ለሌላዋ ሆድ ይነፋል። ሞክሪው።

ቀጭን አጥሚት፣ ወይም የአትክልት ሾርባ ውሃው ብቻ፣ ለብ ብሎ፣ ጨው ጠብ ተደርጎበት።

የዝንጅብል ሻይ። ቀለል ያለውን ማቅለሽለሽ ይረዳል። ከባዱን ብቻውን አይመልሰውም። "ዝንጅብል ጠጪበት" የሚልሽን ሁሉ አመስግነሽ እለፊ።

አፍሽ በምራቅ ከተሞላና መዋጡ ካስጠላሽ አትዋጪው። ትንሽ ኩባያና ሶፍት ይዘሽ ትፊው። ከዚሁ ሕመም ጋር የሚመጣ የታወቀ ነገር ነው። እኔ ሰው ፊት እየተሳቀቅኩ ለሳምንታት ስውጠው ኖሬ የባሰ አስመልሶኛል።

ካስመለስሽ በኋላ ጥርስሽን ወዲያው አትቦርሺ። አሲዱ ጥርሱን አለስልሶታል። በውሃ፣ ወይም ትንሽ ቤኪንግ ሶዳ በተበጠበጠበት ውሃ ተጉመጥሞጪ። ግማሽ ሰዓት ቆይተሽ ቦርሺ።

4. ምግቡን በደረቅ ጀምሪ

"አሁን እኮ ለሦስት ነው የምትበይው" ይሉሻል። ይበሉ። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ሁለቱም ልጆች ተደምረው እንኳ በጣም ትንሽ ናቸው። የሚያስፈልጋቸውን ካንቺ ክምችት ይወስዳሉ። ክብደት የሚጨመርበት ጊዜ በኋላ ይመጣል። መካከለኛ ክብደት ያላት የመንታ እናት በጠቅላላው ከ17 እስከ 25 ኪሎ እንድትጨምር ይመከራል፣ ግን ያ የዛሬ ጭንቀትሽ አይደለም።

ማታ ከራስጌሽ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ ወይም ደረቅ ቂጣ አስቀምጪ። ጠዋት ዓይንሽን ስትገልጪ ሳትነሺ፣ ተጋድመሽ ትንሽ ቆርጥሚ። ሩብ ሰዓት ቆዪ። ከዚያ ቀስ ብለሽ ተነሺ። ባዶ ሆድ ማቅለሽለሹን ያብሰዋል። ከአልጋ ዘሎ መነሳትም እንዲሁ።

ቀኑን ሙሉ በየሁለት ሰዓቱ ጥቂት ጥቂት። ቀዝቃዛ ምግብ አይሸትም፣ ስለዚህ ይሻላል፦ የተቀቀለ ድንች፣ ባዶ ሩዝ፣ ሙዝ፣ እርጎ፣ የተቀቀለ እንቁላል፣ የሽምብራ ቆሎ። በሶ ጭብጦ የኔ ነፍስ አዳኝ ነበር። ስብ፣ በርበሬና ንጥር ቅቤ ይቆይ። ምግብና መጠጥ አታደባልቂ፤ በመካከላቸው ግማሽ ሰዓት ተዪ።

የማይበላ የመሰለሽ ነገር ካማረሽ ብዪው። እኔ ለሁለት ሳምንት የኖርኩት በቀዝቃዛ ድንችና በቺፕስ ነው። እናቴ አለቀሰች። ሐኪሜ ግን "ይቀመጣል? እንግዲያው ብዪ" አለችኝ።

ጾም ላይ ከሆንሽ ከንስሐ አባትሽ ጋር ተነጋገሪ፤ እርጉዝና የታመመ ሰው የሚፈታበት ሥርዓት አለ። በረመዳንም ለራሷ ወይም ለልጇ የምትሰጋ እርጉዝ ማፍጠር ተፈቅዶላታል። ውሃ ሳይቀመጥልሽ ቀን ሙሉ መዋል ግን ጾምም አይባልም፣ ለሁለቱም እንግዶችሽ አይሆንም።

ከባህል መድኃኒት ራቂ። ጤና አዳም ተጨምቆ፣ ኮሶ፣ እንዶድ፣ ስሙ ያልታወቀ የሥር ውሃ፣ ማናቸውንም አትጠጪ። ማሕፀን የሚያነሳሱ አሉባቸው።

5. መድኃኒት መጠየቅ ነውር አይደለም

"እርጉዝ ክኒን አትውጥም" የሚለው አባባል ብዙ ሴት አድክሟል። ለዚህ ሕመም ለዓመታት የተሠራባቸው መድኃኒቶች አሉ። በራስሽ ገዝተሽ አትጀምሪ፤ ሄደሽ ግን ስማቸውን ጠርተሽ ጠይቂ።

ብዙ ጊዜ የሚጀመረው በቫይታሚን ቢ6 ነው፣ ብቻውን ወይም ዶክሲላሚን ከሚባል መድኃኒት ጋር። ካልበቃ እንደ ፕሮሜታዚን ያሉት ይታከላሉ፤ እንቅልፍ ያመጣሉ፣ ለእኔ ያ ራሱ በረከት ነበር። ብዙ ሰው ፕላሲል ብሎ የሚያውቀው ሜቶክሎፕራማይድ የሚታዘዘው ለአጭር ቀናት ነው። ከወሰድሽ በኋላ አንገትሽ ወይም መንጋጋሽ ከተጣመመ ወይም ዓይንሽ ወደ ላይ ከተሰቀለ ወዲያው ተመለሺ። ኦንዳንሴትሮን ጠንካራ ነው፣ ሆድ ያደርቃል። ከ10 ሳምንት በታች ከሆንሽ ሐኪሙ ጥቅምና ጉዳቱን አመዛዝኖ ይንገርሽ።

ክኒኑ ራሱ የሚወጣ ከሆነ "ክኒን አይቀመጥልኝም" በዪ። በመርፌ ወይም በመቀመጫ የሚሰጥ አለ። መድኃኒቱን እንደ ታዘዘልሽ በሰዓቱ ውሰጂ። ማዕበሉ እስኪነሳ አትጠብቂ።

የብረት ክኒን ብዙዎችን ያቅለሸልሻል። ሐኪምሽን "ለጥቂት ሳምንት ላቁመው፣ ወይስ ማታ ልውሰደው?" ብለሽ ጠይቂ። ፎሊክ አሲዱን ግን አትተዪው። ክኒኑ ትንሽ ነው፣ ሽታም የለውም።

6. ግሉኮስ ከመሰቀሉ በፊት

ይህን ክፍል ከባልሽ ወይም ከእህትሽ ጋር አንብቢው፤ በዚያ ሰዓት አንቺ ለመናገር አቅም ላይኖርሽ ይችላል።

እኛ አገር "ደከመኝ" ያለ ሰው ግሉኮስ ይሰቀልለታል። እኔም በመጀመሪያ የሄድኩበት ክሊኒክ ሽንቴን ሳያዩ፣ ደሜን ሳይመረምሩ ግሉኮስ ሰቀሉልኝ። ጎበዝ መስዬ ወደ ቤት ገባሁ፣ ማታውኑ ተመለሰብኝ። በኋላ የተኛሁበት ሆስፒታል ሲስተሯ መጀመሪያ አንድ መርፌ ሰጠችኝ። "ምንድን ነው?" ስላት "ቢ1 ነው፣ ግሉኮስ ከእሱ አይቀድምም" አለችኝ። እያስመለሰ ሳምንታት የቆየ ሰው ሰውነቱ ውስጥ ያለው ቫይታሚን ቢ1፣ ታያሚን የሚባለው፣ ያልቃል። በዚያ ላይ ግሉኮስ ሲገባ የቀረችውን ጠራርጎ አንጎልን ሊጎዳ ይችላል። አይበዛም፣ ግን ሲደርስ ከባድ ነው።

ስለዚህ በትሕትና ጠይቁ፦ "ሳምንታት አስመልሷታል፣ ታያሚን ቀድሞ ይሰጣት ይሆን?" ብዙ ጊዜ የሚያስፈልገው መጀመሪያ ኖርማል ሳላይን፣ በደም ሥር የሚሰጠው የጨው ውሃ ነው። ፖታሲየምሽ ወርዶ ከሆነ እሱም ይታከላል።

በዚያው ሽንትሽ ለኪቶን (ሰውነት ምግብ ሲያጣ ስብ አቃጥሎ የሚያወጣው ነው) እና ለኢንፌክሽን፣ ደምሽ ለፖታሲየም፣ ለኩላሊትና ለታይሮይድ ቢታይ ጥሩ ነው። ትኩሳት ካለሽና ወባ ካለበት አካባቢ ከሆንሽ የወባ ምርመራ ይጨመር። "ጨጓራ ነው" ተብለሽ ብቻ እንዳትመለሺ። አልትራሳውንዱ ላይ ደግሞ "እንግዴ ልጅ ይጋራሉ?" ብለሽ ጠይቂ። ይህ ከ14 ሳምንት በፊት ነው በደንብ የሚለየው። ለቀጣዩ ክትትልሽ በሙሉ ያስፈልጋል።

7. ቀጠሮ ሳትጠብቂ የምትሄጂበት

- 8 ሰዓት ሙሉ ካልሸናሽ፣ ወይም ለ24 ሰዓት ምንም ካልተቀመጠ
- የምታስመልሺው ደም ካለበት ወይም የቡና አተላ ከመሰለ
- ስትቆሚ ከወደቅሽ፣ ልብሽ ያለ ምክንያት በኃይል ከመታ
- ትኩሳት፣ ስትሸኚ ማቃጠል፣ ሆድ ቁርጠት ወይም ደም
- ነገር ከተምታታብሽ፣ ሁለት ሁለት ከታየሽ፣ ስትራመጂ ከተንገዳገድሽ
- አንድ እግር ብቻ ካበጠና ካመመ፣ ወይም ትንፋሽ ካጠረሽ። ደርቆና ተኝቶ መዋል ደም ያረጋል። ለዚህም ነው አልጋ ላይ ሆነሽም ቁርጭምጭሚትሽን ማንቀሳቀስ ያለብሽ።

8. ሥራና ሰው

ተቀጣሪ ከሆንሽ ዝም ብለሽ አትቅሪ፣ ወረቀት ያዢ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለእርግዝና ምርመራ ከደመወዝ ጋር ፈቃድ ይሰጣል። ከወሊድ በፊትም ሐኪም "ትረፍ" ብሎ ካዘዘ ከደመወዝ ጋር ታርፊያለሽ። ከመውለጃሽ በፊት ከሚሰጠው 30 ቀንና በኋላ ካለው 90 ቀን የተለየ ነው። እኔ ይህን ሳላውቅ የዓመት ፈቃዴን ጨርሻለሁ።

ጠያቂ ይብዛ፣ ግን ይዞ የሚመጣው ምግብ ሳይሆን ጉልበት ይሁን። አንዷ ልብስ ትጠብ፣ አንዱ ኦአርኤስ ያምጣ። ዶሮ ወጥ ይዛ የመጣችውን ጓደኛዬን እስከ ዛሬ እንስቅባታለን፤ ያን ቀን ግን በሩን ሳትገባ ነው የመለስኳት።

አንድ ነገር ደግሞ በግልጽ። በዘጠነኛው ሳምንት "ምነው ባላረገዝኩ" ብያለሁ። ጮክ ብዬም አይደለም፣ ሽንት ቤት ወለል ላይ ተቀምጬ። በጉጉት የጠበቅኳቸው ልጆች ነበሩ። ይህ ስሜት ከመጣብሽ ለሐኪምሽ ከማስመለሱ ጋር አብረሽ ንገሪ። ሕመሙ ሲታከም እሱም ይቀልላል፤ ካልቀለለም ለብቻው ይታከማል።

እኔን በ18ኛው ሳምንት ለቀቀኝ፣ ቀስ በቀስ እንጂ በአንድ ቀን አይደለም። ከለቀቀሽ በኋላ፣ ከ20ኛው ሳምንት ወዲህ፣ ማስመለስ እንደገና ከጀመረሽ "የድሮው ነው" ብለሽ አትተኚበት። ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ ወይም ከቀኝ ጎድን ሥር ሕመም ካለበት የደም ግፊት ሊሆን ይችላል፤ በመንታ ላይ ደግሞ ይበዛል። ያኔ ሲኒ አትቁጠሪ፣ ታክሲ ጥሪ።